ከአደጋ በኋላ ግማሽ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ማስቲካ ማኘኩ ይጠቅመኛል?

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ኮምቦልቻ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከአራት ወር በፊት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቴን ተመታሁ። በቀኝ ጆሮዬ ደም ፈሰሰ። ሲቲ ስካን ሲነሳ የጆሮ አጥንት ተሰንጥቋል ተባልኩ። ፊቴ የዚያን ቀን ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ግን ቀኝ በኩሉ አልንቀሳቀስ አለኝ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ታዞልኝ ጨረስኩ። አሁን ትንሽ ተሻሽሏል፤ ዓይኔ ግን ሙሉ በሙሉ አይከደንም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ፈገግ ስል ቀኝ ዓይኔ ይጠባል፣ ስበላም እንባ ይወርደኛል። ጎረቤት ምች ነው ይላል። ማስቲካ አኝኪ፣ ፊኛ ንፊ ተብዬ ቀኑን ሙሉ እሱን ስሠራ ነው የምውለው። በኢንተርኔት የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ማሽን አይቻለሁ፤ ልግዛው? ካርዴ ላይ «ኤችቢ 4» ተብሎ ተጽፏል፤ ምን ማለት ነው? ከሁሉም በላይ ክፍል መግባት ፈርቻለሁ። ከቤት ስወጣ ሒጃቤን ወደ ፊቴ ጎትቼ ነው። ፊቴ ይመለሳል ወይ?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም እህቴ። እንኳን አላህ አተረፈሽ። ዶክተር ብለሽኛል፤ እኔ ደሴ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መድኃኒት አላዝም፣ ቀዶ ሕክምናም አልሠራም። የኔ ሥራ ከሐኪሙ በኋላ የሚመጣው ረጅሙ ጊዜ ነው፤ ያንቺም ጥያቄ በአብዛኛው ስለሱ ነው።

ብዙ ጠይቀሻል። እኔ ግን ካልጠየቅሽው ልጀምር። ስለ ዓይንሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ሙሉ በሙሉ አይከደንም» ብለሽ አልፈሽዋል። ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የተጣመመ አፍ ጊዜ ይሰጣል። የደረቀ ዓይን አይሰጥም።

ዓይን በተርገበገበ ቁጥር እንባውን በራሱ ገጽ ላይ ያዳርሳል። ያ ሲቀር ኮርኒያ የሚባለው፣ ከብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ይደርቃል። ከደረቀ ይላጣል፣ ይቆስላል። ቁስሉ ቢድንም ጠባሳው ሊቀር ይችላል፤ ጠባሳው መሐል ላይ ካረፈ ደግሞ እይታ ይጋርዳል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ባለቤትሽን ወይም እናትሽን አንድ ነገር አስቸግሪልኝ። እንቅልፍ ከወሰደሽ በኋላ ቀስ ብለው ቀኝ ዓይንሽን ይዩት። በክፍተቱ የሚታየው ነጩ ብቻ ከሆነ፣ ዓይንሽ ወደ ላይ እየተገለበጠ ራሱን እየጠበቀ ነው። ጥቁሩ ከታየ ግን በማግስቱ ወደ ዓይን ሐኪም ሂጂ። ነጩ ብቻ ቢታይም እንክብካቤው አይቀርም።

ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ ተጠቀሚ። ዓይንሽ እስኪቆጠቁጥ አትጠብቂ፤ ሰዓት እያየሽ ጨምሪ። ፋርማሲ ስትሄጂ «ለዓይን ድርቀት» ብለሽ ጠይቂ። ዓይን ቀላ ሲል ሰው ዝም ብሎ የሚገዛቸው፣ ዴክሳሜታዞን ያለባቸው ጠብታዎች አሉ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እነሱን አትንኪ። ማታ ወፈር ያለ የዓይን ቅባት አድርጊና ሽፋሽፍቱን በፕላስተር ዝጊው። የወረቀት ፕላስተር ይሻላል፤ ቆዳ አይልጥም። መጀመሪያ ቆዳውን ከቅባት አድርቂው። በጣትሽ ጀርባ የላይኛውን ሽፋን ወደ ታች አውርጂና ዓይኑ መዘጋቱን በመስታወት እይ። ከዚያ ፕላስተሩን ከላይኛው ሽፋን ጀምረሽ ወደ ጉንጭ ለጥፊው። ባልተዘጋ ዓይን ላይ ጥጥ ወይም ጎዝ አስቀምጦ ማሰር አይሆንም። ዓይኑ ከሥር ይከፈትና ጨርቁ ይፍቀዋል። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል።

ውዱ በምታደርጊበት ጊዜ ጠብታውም ቅባቱም ይታጠባል። ፊትሽን ካደረቅሽ በኋላ ጠብታ መድገምን ልማድ አድርጊው። ባጃጅ ስትሳፈሪ መነጽር አድርጊ፤ በጎን የሚገባው የኮምቦልቻ አቧራ ቀላል አይደለም። ደሴ ስትወጪ ደግሞ ንፋሱ አለ። ቡና ሲፈላ ዕጣኑና ከሰሉ የሚጨስበት በኩል አትቀመጪ። ላብ ያወጣልሻል ብለው ወይባ ጢስ ሙቂ የሚሉሽም አይጠፉም። ለፊትሽ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጭሱ ግን ዓይንሽን ይጎዳዋል።

ዓይንሽ ከቀላ፣ ካመመሽ፣ ብርሃን ካስጠላሽ፣ እይታሽ ከደበዘዘ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ሳትውዪ ሳታድሪ ታከሚ። እነዚህ ባይኖሩም አንድ ጊዜ መታየት አለብሽ። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓመታት የሥጋ ደዌም የዓይንም ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ነው። የሥጋ ደዌ የዓይን ሽፋሽፍትን ነርቭ ስለሚጎዳ፣ የማይከደን ዓይን እዚያ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ቀለም ያለው ጠብታ ጨምሮ በሰማያዊ መብራት ያያል፤ የተላጠ ቦታ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የሽፋሽፍቱን የውጭ ጥግ ትንሽ ሰፍቶ ማጥበብ ይቻላል። ሲሻልሽ ይፈታል።

አሁን ወደ ፊትሽ። ምች አይደለም። ምክንያቱ በሲቲ ስካን የታየው ስንጥቅ ነው። የፊት ነርቭ ከአንጎል ወጥቶ ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት በጆሮ አጥንት ውስጥ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠባብ ቦይ ያቋርጣል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ነርቩ ሊቆረጥ ይችላል፤ ወይም ሳይቆረጥ ያብጥና ቦዩ ይጠብበታል። ያንቺ ፊት የአደጋው ቀን ይንቀሳቀስ ነበር፣ የቆመው በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ አልተቆረጠም ማለት ነው፤ እብጠት ነው ያፈነው። ይህ ከሁለቱ የተሻለው ዕድል ነው። እንደ አንቺ ዘግይቶ የሚመጣባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ጥሩ ይሻሻላሉ።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ዘመዳችሁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ፊቱን እዩ። ራሱን ቢስትም ሲያመው ያኮማትራል፤ ሁለቱም ጎን እኩል ይኮማተራል ወይ? ያያችሁትን ለነርሷ ንገሩና ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ፊትና በሦስተኛው ቀን የቆመ ፊት ሕክምናቸው አንድ አይደለም። በግርግሩ መሐል ሳያይ የቀረ ቤተሰብ በኋላ ሲጠየቅ መልስ ያጣል።

«ኤችቢ 4» ያልሽው ሁለት አሜሪካውያን የጆሮ ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ ነው። ሃውስ እና ብራክማን ይባላሉ፤ ፊደሎቹ ከስማቸው የተወሰዱ ናቸው። 1 ጤነኛ ፊት ነው፤ 6 ምንም የማይንቀሳቀስ። እንደ ፈተና ውጤት አታንብቢው፤ እዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ደስ የሚለው። 4 ላይ ያለ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ፊቱ እኩል ይመስላል፣ ሲንቀሳቀስ ግን ልዩነቱ ይታያል፣ ዓይኑም አይገጥምም። ከጻፍሽው ጋር ይሄዳል።

አሁን ዋናው። ፈገግ ስትዪ ዓይንሽ ይጠባል። ስትበዪ እንባ ይወርድሻል። ይህ መልካም ዜናም ማስጠንቀቂያም ነው።

መልካሙ ነርቩ መድረሱ ነው። የተጎዳ ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከጆሮሽ ውስጥ እስከ አፍሽ ጥግ ያለውን መንገድ 10 ሴንቲ ሜትር ብትዪው ከሦስት ወር በላይ ይፈጃል። አራተኛው ወር ላይ ምልክት ማየትሽ ሒሳቡ ልክ መሆኑን ነው የሚነግረኝ። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ክሮቹ ሲያድጉ የድሮ ቦታቸውን መሳታቸው ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪ ገመድ አሳስቶ ቢያገናኝ የሳሎኑን ማብሪያ ስትጫኚ የጓዳው አምፖል ይበራል። ያንቺም እንዲሁ ነው። ወደ አፍ ይሄድ የነበረ ክር ዓይን ጋ ደርሷል፤ ምራቅ ያዝዝ የነበረ ክር እንባ ጋ ሄዷል። ሐኪሞች ሲንኪኔሲስ ይሉታል።

ስለዚህ ማስቲካውን ዛሬ ትፊው። ፊኛውንም ለልጆች ስጪ።

ይህን ስናገር ሰው ቅር ይለዋል፤ ገብቶኛል። እጁ ወይም እግሩ የደከመ ሰው በርታ ይባላል፣ ያነሳል፣ ይራመዳል። ፊት ግን እንደዚያ አይደለም። በኃይል በሠራሽው ቁጥር ትክክለኛውም የተሳሳተውም ገመድ አብረው ይሠራሉ፤ አብሮ መሥራቱም ይለመዳል። ማስቲካ ደግሞ ይባስ ብሎ የሚያሠራው የመንጋጋን ጡንቻ ነው፤ እሱ ሌላ ነርቭ ነው የሚያዘው። እሱ መች ታመመ? ጥርሳቸውን ነክሰው ወር ሙሉ ታግለው ጉንጫቸው እንደ ገመድ ተወጥሮ የሚመጡ ሰዎች አሉ። በሽተኛው ጎን መጀመሪያ ረግቦ ነበር፤ አሁን ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደው መስመር ከጤነኛው ይልቅ ጠልቆ ይታያል። ያኔ ሥራችን ማጠንከር ሳይሆን ማላላት ይሆናል።

በምትኩ ይህን አድርጊ። ሰው በሌለበት፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት ተቀመጪ። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ ቀኝ ጉንጭሽ ላይ ጥቂት አቆይ። እጅሽን ታጥበሽ አውራ ጣትሽን ከጉንጭሽ ውስጥ፣ ሌሎቹን ከውጭ አድርጊና የተወጠረውን ቦታ ፈልጊ። ስታገኚው አትሺው፤ ያዝ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ሳቢውና እስኪላላ ጠብቂ። ከዚያ ጤነኛውን ግራ ጉንጭሽን በመዳፍሽ ደገፍ አድርጊው፤ እሱ ሁሉን ወደ ራሱ ይጎትታልና። አሁን ጥርስ ሳታሳዪ ትንሽ ፈገግ በዪ። አፍሽን ሳይሆን ቀኝ ዓይንሽን እይ። መጥበብ ሲጀምር ቁሚ። ፀጉር ታህል ወደኋላ መለስ በዪና እዚያ ላይ ትንሽ ቆይተሽ ልቀቂ። ዓይንሽ ሳይጠብ የምትደርሺበት ቦታ ያ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ እየሰፋ ይሄዳል። ቀጥለሽ ተገላቢጦሹን ሞክሪ። ዓይንሽን በቀስታ ክደኚና የአፍሽ ጥግ እንዳይነሳ ተቆጣጠሪው። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። ፊትሽ ሲደክም ተዪው። የሰለቸ ሰው ያበላሸዋል።

ማሽኑን አትግዢው። በኤሌክትሪክ ፊትን ማነቃቃት ለእንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚጠቅም አሳማኝ ማስረጃ የለም፤ የተሳሳተውን ግንኙነት ያጠናክራል ብለው የሚሰጉ ባለሙያዎችም አሉ፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። በዚያ ብር ጠብታና ቅባት ግዢበት። ቫይታሚን ቢ መርፌም እንዲሁ፤ እጥረት እንዳለብሽ ካልተረጋገጠ በቀር ነርቩን አያፈጥነውም።

ይመለሳል ወይ ብለሻል። ልሸነግልሽ አልፈልግም። ሲንኪኔሲስ ከታየ የተወሰኑ ክሮች ሞተው እንደገና በቅለዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ ፀጉር ሳይስት እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልሰጥሽም። ግን ገና አራተኛ ወር ነው። መሻሻሉ እስከ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቀጥላል። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው የማያየው፣ አንቺ ግን መስታወት ላይ የምታውቂው ልዩነት ነው የሚቀረው። የዓይኑ መጥበብ ካስቸገረሽ ቦቶክስ አለ። ሥራ ያበዛውን ጡንቻ በትንሽ መርፌ ለሦስት አራት ወር ያላላል፤ ይደጋገማል፣ ዋጋም አለው። አሁን ግን ጊዜው አይደለም።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ፣ ስድስት ወር ሞልቶት ፊቱ ቅንጣት ያህል ካልተንቀሳቀሰ ቤት ቁጭ ብሎ አይጠብቅ። ነርቭ ያልደረሰው ጡንቻ ከዓመት፣ ከዓመት ተኩል በኋላ እየመነመነ ይሄዳል፤ ነርቩን የመጠገን ዕድልም አብሮ ይጠባል። የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ተደርጎለት አዲስ አበባ ወዳሉ ስፔሻሊስቶች ይጻፍለት።

ጆሮሽን በተመለከተ አጭር ነገር። ዳማከሴም ሆነ ዘይት ጆሮሽ ውስጥ አይግባ። ከጆሮሽ ወይም ከአፍንጫሽ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከመጣ፣ በተለይ ስታጎነብሺ የሚንጠባጠብ ከሆነ፣ ጥጥ አትወትፊ፤ ሆስፒታል ሂጂ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መድረቅ ከተጨመረማ ድንገተኛ ነው፤ የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። የመስማት ምርመራም ካልተደረገልሽ ይደረግ። ውስጥ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ተነቃንቀው ከሆነ የሚስተካከሉበት መንገድ አለ።

ምግብ ላይ፣ በግራ በኩል አኝኪ። ከበላሽ በኋላ ቀኝ ጉንጭሽን በምላስሽ ወይም በጣትሽ ፈትሺው፤ እንጀራ እዚያ ተደብቆ ይውላል፣ ጥርስም ያበላሻል። ቡና ስትጠጪ የታችኛውን ከንፈር በጣትሽ ደግፊው። ስኒ ትንሽ ስለሆነ ከብርጭቆ ይሻላል። የሚፋጅ ቡና ራሱ እንድታፈሺ ያደርግሻል፤ በረድ ይበል።

ወደ ክፍል መግባቱን ፊትሽ እስኪድን አታቆዪው። እየቆየ ሲሄድ የሚከብደው በሩ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ያፈጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ሲመለስላቸው ይተዉታል። የሚያስቸግሩት ያልተነገራቸው ሲሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ንገሪያቸው፦ «ባጃጅ ተገልብጦብኝ የፊቴ ነርቭ ተጎዳ። አያመኝም። ወደ እናንተ አይተላለፍም። ስስቅ በአንድ በኩል ነው፤ ስስቅ ግን እየሳቅኩ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። ልጅ የመምህሩን ስሜት የሚያነበው ከፊቱ ነው። ግማሽ ፊትሽ ዝም ሲል የተቆጣሽ ወይም ያሾፍሽበት ይመስለዋል። ደስታሽን በድምፅሽ፣ በእጅሽና «ጎበዝ» በማለት አውጪው። ቤትሽም ያው ነው። ባለቤትሽ «ምን ሆነሽ ነው ያኮረፍሽው?» ካለሽ ክፋት አይደለም፤ ድሮ የሚያነበው ፊት ስለጠፋው ነው።

ንግግር ላይ የሚያስቸግሩሽ ከንፈር የሚገጥምባቸው ናቸው፤ በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ። ፈም ትንሽ ታስቸግራለች። ቡ እና ሙ ላይ ከንፈርሽ ሞጥሞጥ ስለማይል አየር ያመልጥሻል። ቀኝ የአፍሽን ጥግ በጣት ጫፍ ወደ ላይ ደገፍ አድርገሽ ተናገሪ፤ ወዲያው ይጠራል። ዓረፍተ ነገርሽን አሳጥሪው፣ ፍጥነትሽንም ቀንሺ። ሰሌዳውን በደረቅ ዳስተር አትጥረጊ፤ የጠመኔው ብናኝ ቀጥታ ዓይንሽ ውስጥ ነው የሚገባው። እርጥብ ጨርቅ አዘጋጂ። ልጆቹ በአንድ ላይ ሲያነቡ ቀኝ ጆሮሽ ላይ ከጮኸብሽ አትደንግጪ። ያው ነርቭ ኃይለኛ ድምፅ የሚያለዝብ ትንሽ ጡንቻ በጆሮ ውስጥ ያዛል። ለጊዜው ግራ ጎንሽን ወደ ክፍሉ አድርገሽ ቁሚ።

ሒጃቡን ጎትተሽ መውጣትሽን አልቃወምም፤ የሚያሳርፍሽ ከሆነ እንደ ልብሽ። ግን እንቅልፍ ካጣሽ፣ ነገር ከረሳሽ፣ በትንሹ ከተናደድሽ ወይም ሰው ማየት ካስጠላሽ ለሐኪምሽ ንገሪው። ሁሉንም በፊትሽ አታሳብቢው፤ የተመታው ጭንቅላትሽ ነው፣ እሱም የራሱ ማገገሚያ አለው።

ወደ ሐኪምሽ ወይም ወደ እኔ ዓይነቱ ባለሙያ ስትሄጂ ቪዲዮ ይዘሽ ሂጂ። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ቀን በመስኮት ብርሃን ይቀረጽ። መጀመሪያ ፊትሽን ዝም አድርጊ። ቀጥሎ ቅንድብሽን አንሺ፣ ዓይንሽን በቀስታ ክደኚ፣ በትንሹ ፈገግ በዪ፣ ከንፈርሽን ሰብስበሽ «ኡ» በዪ። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ዛሬ ከመስታወቱ ልምምድ በፊት የመጀመሪያውን ቅረጪ።